የሰብል ፀረ-ነፍሳት መድኃኒቶችና ጠቃሚ ነፍሳት፦ በእስቴ ካየሁትና በክፍል ከተማርኩት

የሰብል ጥበቃ ትምህርት ስንማር «ጠቃሚ ነፍሳት» የሚለው ርዕስ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አለቀ። ስለ ተባይ ግን ሴሚስተሩን ሙሉ ነው የተማርነው። ጊዜ ስለሚጠብ ነው እንጂ ማንም ላይ አልፈርድም። እኔ ግን ያችን አንድ ክፍለ ጊዜ አልረሳኋትም፤ ምክንያቱም ሰሌዳው ላይ የተዘረዘረው ጥፋት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በገዛ እጄ የሠራሁት ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

በቅድሚያ ስለ አካባቢው ትንሽ ልበል። ምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር ስንል ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ማለታችን ነው። በአንድ ወገን ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ አለ፤ በሌላ ወገን ስማዳ እየወረደ ወደ አባይና በሽሎ ሸለቆ ይገባል። ስለዚህ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ገብስና ድንች፣ ባቄላና አተር፣ ጤፍና ኑግ፣ ጓያና ምስር፣ ቆላው ላይ ደግሞ ማሽላ ይታያል። መሬቱ ጠባብ ነው፤ አፈሩም ተሸርሽሯል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለብዙ ዓመታት በሴፍቲኔት ሲደገፉ የቆዩ ወረዳዎች መሆናቸው ይታወቃል። መሬት ለሌለው ወጣትና ለሴት አባወራ «ንብ አንቡ» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ንብ መሬት አትፈልግማ! የምትቀስመው ግን ከሰው መሬት ላይ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የእኛ ቤት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል። እናቴ በቤታችን ጓሮ አምስት ባህላዊ ቀፎ ነበራት። ከጓሮው አጥር ወዲያ ያለው ማሳ የአጎቴ ነው። እኛ «አያ» ነው የምንላቸው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ባቄላና አተር ቀላቅለው የዘሩት ማሳ ሙሉ ለሙሉ አብቦ ሳለ ክሽክሽ ገባበት። ክሽክሽ ማለት ከለጋው ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ ፈሳሹን የምትመጥ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር የሆነች ደቃቅ ነፍሳት ናት። አተሩ ጫፉ እየተጠቀለለ መጣ፤ ቅጠሉ ላይም ማር የመሰለ የሚያጣብቅ ነገር ታየ። አያ ገበያ ወጥተው መድኃኒት ገዙና «አንተ ፈረንጅኛውን ታነበዋለህ፣ ና በጥብጥልኝ» አሉኝ።

አነበብኩት። ማለቴ፣ ለአንድ ፓምፕ ውኃ ስንት እንደሚገባ የሚለውን ፈልጌ አገኘሁና በቆርኪ ሰፈርኩ። ሌላው ጽሑፍ በጣም ደቃቅ ስለነበረ ዘለልኩት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ረግፎ ፀሐይ ሞቅ ሲል ፓምፑን ተሸክሜ ገባሁ። ንቡ አበባው ላይ ይተም ነበር፤ ድምፁ እስካሁን ትዝ ይለኛል። አንድ ሁለት ጊዜ «ይነድፉኝ ይሆን?» ብዬ ከመስጋት በቀር ሌላ ምንም አላሰብኩም።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ጮኻ ጠራችኝ። ከቀፎዎቹ ሥር መሬቱ ጠቁሮ ነበር። ግማሾቹ ሞተዋል፤ ግማሾቹ በጀርባቸው ተንጋለው ይሽከረከራሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ምላሳቸው ወጥቷል። ከቀፎው ውስጥ ደግሞ ሕያዋኑ ሬሳ እየጎተቱ ያወጡ ነበር። እናቴ በመጥረጊያ እየጠረገች በሰፌድ ታፍሰው ጀመር። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ከአምስቱ ቀፎ ሦስቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባዶ ቀሩ። ከአንድ ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ማር ይገኛል ቢባል ጉዳቱን አንባቢ ሊያሰላው ይችላል። የእኔ የደብተርና የቤት ኪራይ ወጪ የሚሸፈነው ከዚያ ማር ነበር።

አያ ሲሰሙ አዘኑ፤ ግን አልተቀበሉትም። «እኔ ንብ አልዘራሁም፤ የዘራሁት አተር ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። አተሩ ቢጠፋ ሽሮው ከየት ይመጣል? ይህን ጉዳይ የምናነሣ ተማሪዎች አንዳንድ ጊዜ ገበሬውን እንደ ጥፋተኛ አድርገን እንጽፋለን። ያለ መድኃኒት እህሉን ያጣ ሰው ፊት ቆሞ እንዲያ ማለት ግን አይቻልም።

እንግዲህ በሳይንሱ በኩል የሆነው ምን ነበር? «መድኃኒት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። ለሰው ሲሆን ያድናል፤ ለሰብል የምንረጨው ግን የነርቭ መርዝ ነው። ገበሬው «ማላታይን» የሚለው ማላቲዮን፣ እንዲሁም ዳያዚኖንና ዳይሜቶየት ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ናቸው። በነርቮች መካከል መልእክት ካለፈ በኋላ መልእክት አስተላላፊውን ኬሚካል የሚያፈርስ አንድ ኢንዛይም አለ፤ እነዚህ መርዞች ያንን ኢንዛይም ያስሩታል። በመሆኑም ነርቩ ዝም ማለት ያቅተዋል። «ካራቴ» እየተባለ የሚታወቀው ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ደግሞ ፓይረትሮይድ ነው፤ እሱ የነርቩን የሶዲየም በር ከፍቶ ይተወዋል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ መጨረሻቸው እናቴ ጓሮ ያየሁት መንቀጥቀጥ ነው። የንብ ነርቭና የክሽክሽ ነርቭ ደግሞ አሠራሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ መርዙ ይህችን ለይቶ ያችን ሊምር አይችልም።

መጠኑን ስንመለከት ይበልጥ ያስደነግጣል። አንድን ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራምን ሚሊዮንኛ ክፍል፣ ለአሥር ብንከፍለው አንዱ ክፍል እንኳ በላምዳ-ሳይሃሎትሪን ከነኳቸው ንቦች ከግማሽ በላይ ለመግደል ይበቃል። አንድ ቀፎ ውስጥ ያሉት ንቦች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ነው። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በጠርሙሱ ግርጌ ያለው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስመር የሚናገረው መድኃኒቱ ለሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ነው እንጂ ስለ ንብ አይደለም። ለሰው ያን ያህል አይከፋም የተባለ መድኃኒት ለንብ እሳት ሊሆን ይችላል።

ንብ መርዙን የምታገኘው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ርጭቱ በቀጥታ ሲያርፍባት ነው፤ ይህች ብዙውን ጊዜ ማሳው ላይ ስለምትቀር ባለ ቀፎው አያያትም፤ «ንቡ ሄደብኝ» ነው የሚለው። ሁለተኛው ርጭቱ ከደረቀ በኋላ አበባና ቅጠሉን ስትነካ ነው። ይህ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ይቆያል። ሦስተኛውና የከፋው የተመረዘ ጽጌ ብናኝና የአበባ ፈሳሽ ይዛ ቀፎዋ ስትገባ ነው። ያን ጊዜ እጮቹም ይበላሉ፣ አውራዋም አትቀርም። በነገራችን ላይ አባቶቻችን «አውራ» የሚሏት ወንድ መስላቸው ነው ይባላል፤ እንቁላል ጣይዋ እሷ መሆኗን ስነግራት እናቴ «አውቀዋለሁ» ብላ ሳቀችብኝ። እንደ ዱቄት የሚነፋ መድኃኒት በዚህ በኩል ከፈሳሹ ይብሳል፤ ከንቧ ጠጉር ላይ እንደ ጽጌ ብናኝ ተጣብቆ አብሯት ይገባል። በዘር ላይ የሚታሹት ኢሚዳክሎፕሪድን የመሳሰሉ ኒዮኒኮቲኖይዶች ደግሞ በተክሉ ሥር ገብተው እስከ አበባው ይወጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከእነዚህ ሦስቱን ከቤት ውጭ በሚለማ ሰብል ላይ እንዳይውሉ የከለከላቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አካባቢ ባቄላውን «ቆርምድ» ሲይዘው፣ ስንዴውንም ዋግ ሲመታው ፀረ-ፈንገስ ይረጫል። ፀረ-ፈንገስ ብቻውን ለንብ ብዙ አያሰጋም። ነገር ግን ጉልበት ለመቆጠብ ሲባል ከፀረ-ነፍሳት ጋር በአንድ ፓምፕ ይቀላቀላል። ፕሮፒኮናዞልን የመሳሰሉት ንብ በሰውነቷ ውስጥ መርዝ የምታከሽፍበትን ኢንዛይም ስለሚያዳክሙ የፓይረትሮይዱ ጉልበት በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

እስካሁን ስለ ንብ ብቻ ነው ያወራሁት። አያን ያሳመናቸው ግን ንብ አልነበረም፤ ክሽክሹ ራሱ ነው። እኔ በረጨሁ ማግሥት ማሳው ጸድቶ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ክሽክሹ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። አያ መድኃኒቱ የተበረዘ መስሏቸው ነጋዴውን ረገሙ። በኋላ ክፍል ውስጥ ምክንያቱን ስንማር የዚያን ቀን ማሳው ዓይኔ ላይ መጣ።

ነገሩ የስሌት ጉዳይ ነው። ሴቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ፣ እንቁላልም ሳትጥል፣ በቀጥታ ትወልዳለች፤ የተወለደችውም በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ እናት ትሆናለች። ክሽክሽን የምትበላው ደግሞ ጀርባዋ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ ልጆች እጃቸው ላይ አስቀምጠው የሚጫወቱባት ጥንዚዛ ናት። እሷ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትጎለምስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅባታል። እጯ ጥቁርና አስቀያሚ ስለሆነች ገበሬው ተባይ ናት ብሎ ይጨፈልቃታል፤ እኔም ስንቷን ጨፍልቄያለሁ! ከእሷ ሌላ ክሽክሹ ሆድ ውስጥ እንቁላል የምትጥል ደቃቅ ጥገኛ ተርብ አለች፤ እጮቻቸው ክሽክሽ የሚበሉ ዝንቦችም አሉ፤ ሸረሪትም አለ። ስንረጭ ሁሉም ይሞታሉ። ከተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ የተረፉት ጥቂት ክሽክሾች ግን ጠላት በሌለበት ማሳ መውለዳቸውን ይቀጥላሉ። ጥንዚዛዋ እስክትመለስ ክሽክሹ ሦስት ትውልድ ቀድሟታል ማለት ነው።

ይህ በዓለም ላይ ደጋግሞ የታየ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የብርቱካን ዛፎችን ሊያጠፋ የነበረ ነጭ ተባይ በ1888 እና 1889 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ በመጣች አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ተገታ። ከሃምሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1940ዎቹ ዲዲቲ ሲረጭ ጥንዚዛዋ አለቀችና ተባዩ እንደገና ተነሣ። ኢንዶኔዥያም በሩዝ ላይ ይህ ስለደረሰባት በ1986 እ.ኤ.አ. 57 ዓይነት ፀረ-ነፍሳት በሩዝ ላይ እንዳይረጩ በፕሬዝዳንት ትእዛዝ ከልክላለች። በአገራችንም የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. ገብቶ በቆሎውን ሲያወድም ሁሉም ወደ ፓምፕ ሮጠ። በዚያው ወቅት ናሙና የሰበሰቡ ተመራማሪዎች ግን «ኮቴሲያ» የምትባል አገር በቀል ጥገኛ ተርብ በትሎቹ ውስጥ አገኙ፤ በአንዳንድ ቦታ ከሦስት ትል አንዱን ያህል ይዛ ነበር። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልከፈላትም። አርባ ምንጭ አካባቢ ያሉ ጥጥ አምራቾች ደግሞ መርዝ በመርጨት ፋንታ ጠቃሚ ነፍሳትን የሚስብ ምግብ ነክ ፈሳሽ ማሳቸው ላይ እየረጩ ጥጥ አምርተዋል።

ወደ አበባው ስንመለስ፣ ሁሉም ሰብል ንብን እኩል አይፈልጋትም። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ያለ እሷ ያፈራሉ። አተርና ምስርም በአብዛኛው ራሳቸውን ያዳቅላሉ። ባቄላ ግን ንብ ስትጎበኘው ፍሬው ይሻሻላል። ኑግ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። ኑግ የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ ካልመጣለት አበባው ደምቆ ይታይና ውስጡ ገለባ ይሆናል። ያንን ብናኝ የምታመላልሰው በዋናነት ንብ ናት። ታዲያ አተር ላይ በመስከረምና በጥቅምት ስንረጭ ጎረቤት ያለው ኑግ እያበበ ነው። ንብ ምግብ ፍለጋ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ስለምትሄድ የአንዱ አተር ርጭት የሌላውን ኑግ ያከሳል፤ ባለ ኑጉም «ዘንድሮ ውርጭ መታው» ይላል። ዘይት በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከማር ንብ ሌላ ጣዝማም አለች። መናደፊያ የላትም፤ መሬት ውስጥ ትኖራለች፤ ማሯን ለሳልና ለደረት ሕመም የማይፈልግ የለም። የእሷን ሞት ጠርጎ የሚያፍስ ሰው ስለሌለ ብትጠፋም የሚያውቅ የለም። በበኩሌ ልጅ ሳለሁ የጣዝማ ጉድጓድ እናገኝበት ከነበረው ዳር መሬት ላይ ከአሁን አሁን አያለሁ ብል አላየሁም። ምክንያቱ ርጭት ነው ወይስ መታረሱ ነው ብባል ሁለቱንም እጠረጥራለሁ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 እና የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ሁለቱም በ2002 ዓ.ም. ወጥተዋል። አዋጁ ግን ከእናቴ ጓሮና ከአያ ማሳ መካከል ካለችው አጥር ድረስ አልመጣም። ስለዚህ እኔ የምጽፈው አጥሯ ላይ ሊደረግ ስለሚችለው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓቱ ነው። ንብ ፀሐይ ስትሞቅ ትወጣለች፤ አመሻሽ ላይ ትገባለች። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን፣ ያው ፓምፕ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቢረጭ በቀጥታ የሚያርፍባት ንብ የለችም፤ ቶሎ የሚበርደው ዓይነት ከሆነ እስከ ማግሥቱ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጠዋት ማልዶ መርጨት እንደ ማታው አይሆንም፤ ንቧ ከመውጣቷ በፊት አይደርቅምና። ቶሎ በማይበርድ መድኃኒት ግን ማታ መርጨትም አያድንም፤ ስለዚህ የተሻለው ከማበቡ በፊት ወይም አበባው ከረገፈ በኋላ ነው። ለዚህ ደግሞ ማሳውን ከመስከረም መግቢያ ጀምሮ በየሦስት ቀኑ መዞር ያስፈልጋል። ክሽክሹ ከዳር በኩል ነው የሚጀምረው፤ ያኔ የያዘውን ጫፍ ቆርጦ ማቃጠል ወይም ያንን ዳር ብቻ በሳሙና ውኃ መርጨት ይቻላል። ቀድሞ የተዘራ አተርም ክሽክሹ ከመብዛቱ በፊት ስለሚያፈራ ያመልጣል።

ባለ ንቡም ድርሻ አለበት። መረጨቱን ከሁለት ቀን በፊት ከሰማ ማታ ንቡ ከገባ በኋላ ቀፎውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ፣ አየር ትቶ፣ ውኃ አቅርቦ አንድ ቀን ማቆየት ይችላል። ችግሩ አይነገረውም። በእኛ በኩል ወሬ የሚደርሰው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅና በማኅበር ቀን ስለሆነ «ማክሰኞ ማታ እረጫለሁ» የሚለውን እዚያ መናገር ምንም ወጪ የለውም። ሌላው ፓምፑን ወንዝ ወርዶ ማጠብ ነው። ንብ ውኃ የምትቀዳው ከወንዙ ዳር ነው፤ እኛም ከዚያው ነው የምንጠጣው። ባዶውን ጠርሙስ ለጋዝና ለዘይት መያዣ ስለማድረጉ ለመጻፍ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ባለፈው መስከረም አያ ደወሉልኝ። «ክሽክሹ ገብቷል፤ ቀይዋም ጥንዚዛ አለች። ምን ላድርግ?» አሉ። «ብዙ ናት?» አልኳቸው። «ከየተክሉ አንድ ሁለት አትጠፋም» አሉ። «እንግዲያው አምስት ቀን ይታገሱኝ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፈራሁ፤ አተሩ ቢጠፋ ምን ልላቸው ነው? በአምስተኛው ቀን ሲደውሉ የላይኛው ወገን ቀንሷል፤ በታች በኩል ያለው ግን ብሶበታል አሉኝ። የታችኛውን ብቻ፣ ማታ፣ ለእናቴ አስቀድመው ነግረው ረጩት። እናቴ ቀፎዎቿን በጆንያ ሸፈነች። በማግሥቱ ከቀፎው ሥር ጥቂት የሞቱ ንቦች ነበሩ፤ በሰፌድ የሚታፈስ ግን አልነበረም። ኅዳር ላይ ሁለት ቀፎ ማር ተቆረጠ። ሦስቱ ባዶ ቀፎዎች እስካሁን ጓሮው ውስጥ ናቸው፤ እናቴ ዘንድሮ በአንዱ መንጋ ካረፈበት ብላ ውስጡን በወይራ አጥና ደጁን ከፍታ ትታዋለች።